ቍጥር ምስክር በሆነ ጊዜ

ሰው ሁሉ በየቀኑ ይፈርዳል። ዳኛ በችሎት ተቀምጦ ይፈርዳል፤ ነጋዴ ዕቃውን ለማን በዱቤ እንደሚሰጥ ሲያስብ ይፈርዳል፤ ጎረቤትም የጎረቤቱን ወሬ ሰምቶ በልቡ ይፈርዳል። ነገር ግን ከነዚህ ፈራጆች መካከል የሆነውን ነገር በዐይኑ ያየ ጥቂት ነው። ያላየ ሰው ለመፍረድ ሲነሣ የሚይዘው ዋና መመዘኛ «ይህ ነገር እንዲያው በአጋጣሚ ሊሆን ይችላልን?» የሚለው ጥያቄ ነው። ክፉ ነገር አንድ ጊዜ ሲደርስ «መከራ ነው» ይባላል፤ ሁለተኛ ሲደገም ሰው መጠራጠር ይጀምራል፤ ሦስተኛ ሲሠለስ ግን «ከእንግዲህ ምን ምስክር ያሻል» ይላል። እንግዲህ ሊመረመር የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ አንድ ነገር በአጋጣሚ ሊሆን የማይመስል መሆኑ ብቻ፥ ሰውን በደለኛ ብሎ ለመፍረድ ይበቃልን?

በጥንት ዘመን ይህ ጥያቄ በልብ ግምት ብቻ ይመለስ ነበር። ከ370 ዓመት ገደማ ወዲህ ግን የቍጥር ሚዛን ተበጅቶለታል። የሚዛኑም መነሻ ቤተ መንግሥት ወይም ችሎት ሳይሆን የቍማር ገበታ ነው። በፈረንሳይ አገር ሼቫሊዬ ደ ሜሬ የተባለ ሰው፥ በስድስቱ ፊቱ ከ1 እስከ 6 ነጥብ የተቀረጸበትን ዳይስ የሚባለውን መጫወቻ እየጣለ ይወራረድ ነበር። አንዱን ዳይስ 4 ጊዜ ጥሎ ቢያንስ አንድ ጊዜ 6 ይወጣል ብሎ የሚወራረድ ሰው እንደሚያዋጣው ያውቅ ነበር። እንግዲያስ ሁለት ዳይስ አብሮ 24 ጊዜ ቢጣል፥ ሁለቱም በአንድነት 6 ይወጣሉ ብሎ መወራረድ እንደዚያው የሚያዋጣ መሰለው፤ 4 ለ6 እንደ ሆነ 24ም ለ36 ነውና። ሒሳቡ ግን እንዳሰበው አልሆነም። ስለዚህ ነገሩን ለብሌዝ ፓስካል አቀረበ፤ ፓስካልም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1654 ከፒዬር ደ ፌርማ ጋራ ስለ ቍማር ዕድል በተጻጻፈው ደብዳቤ ውስጥ አነሣው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሊቃውንቱም መልስ ለመረዳት አይከብድም። 6 አለመውጣቱ በአንድ ውርወራ ከ6 ዕድል 5ቱ ነው። በ4 ውርወራ አንድ ጊዜ እንኳ አለመውጣቱን ለማወቅ ይህ ክፍልፋይ 4 ጊዜ በራሱ ይባዛል፤ ከ1296 ዕድል 625 ይሆናል። የቀረው 671 የሚወጣበት ዕድል ነው፤ ይህም ከእኩሌታ ጥቂት ይበልጣል። በሁለት ዳይስ ግን ከ36 ዕድል 35ቱ የማይወጣበት ነው፤ ይህ 24 ጊዜ በራሱ ቢባዛ፥ የሚወጣበት ዕድል ከመቶ 49 ገደማ ሆኖ ከእኩሌታ ያንሳል። ለዐይን ትክክል የመሰለው ነገር በሚዛን ላይ ሲወጣ ተለየ ማለት ነው።

የዚህ ሒሳብ ሥር አንድ ሕግ ነው። ሁለት ነገሮች አብረው የሚሆኑበትን ዕድል ለማግኘት የአንዱ ዕድል በሁለተኛው ዕድል ይባዛል። ብር ወደ ላይ ወርውሮ ዘውድ ወይስ ጎፈር የሚል ልጅ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። በአንድ ውርወራ ዘውድ የመውጣቱ ዕድል እኩሌታ ነው። በሁለት ውርወራ ግን ዘውድና ዘውድ፥ ዘውድና ጎፈር፥ ጎፈርና ዘውድ፥ ጎፈርና ጎፈር የሚሉ አራት መንገዶች አሉ፤ ሁለቱም ዘውድ የሚሆኑበት ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው። ዐሥር ጊዜ ተከታትሎ ዘውድ የሚወጣበት ዕድልማ ከ1024 አንድ ነው። ማባዛት እንዲህ ያለ ጕልበት አለው፤ ጥቂት ትንንሽ ክፍልፋዮች ሲገናኙ ከሰው ግምት ውጭ የሆነ ትልቅ ቍጥር ይወልዳሉ።

ነገር ግን ሕጉ ያለ ውል አልተሰጠም። ውሉም አንዱ ነገር ሁለተኛውን የማይነካ መሆን አለበት የሚል ነው። ብር ፊት የወደቀበትን አያስታውስም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ውርወራ ከመጀመሪያው ነጻ ነው። የዕቁብ ዕጣ ግን እንዲህ አይደለም። ዐሥር ዕጣ ባለው ዕቁብ ሁለት ዕጣ የያዘ ሰው፥ በመጀመሪያው ቀን የመውጣቱ ዕድል ከ10 ሁለት ነው። ከወጣለት በኋላ የወጣው ዕጣ አይመለስምና፥ በሁለተኛው ቀን የቀረው ዕድል ከ9 አንድ ነው። እንግዲህ በተከታታይ ሁለት ጊዜ የሚወጣለት ከ45 አንድ ጊዜ ነው። የመጀመሪያውን ክፍልፋይ እንዲያው በራሱ ያባዛ ሰው ከ25 አንድ ብሎ ይሳሳታል።

ከዚህም የባሰ ስሕተት አለ። ሁለት ጎረቤታሞች ጤፋቸውን በአንድ ወሰን ዘሩ እንበል፤ በያንዳንዱ ማሳ ላይ በረዶ የሚወርደው በ10 ዓመት አንድ ጊዜ ነው እንበል። የማባዛትን ሕግ ይዞ ውሉን የረሳ ሰው፥ ሁለቱ ማሳዎች በአንድ ዓመት የሚመቱት በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ነው ይላል። ገበሬው ግን ይህን ሰምቶ ይሥቃል። የሁለቱን ማሳ የሚመታው አንድ ደመና ነውና፥ የአንዱ ጤፍ ከወደቀ የሌላውም መውደቁ የሚጠበቅ ነገር ነው። እንግዲህ ሒሳብ ያላወቀው ገበሬ ሒሳብ ካወቀው ሰው ይልቅ ትክክል የሚሆነው፥ ደመናውን ስለሚያውቅ ነው።

ይህ ስሕተት በማሳ ላይ ሳለ ያሥቃል፤ ወደ ችሎት ሲገባ ግን ሰውን ያጠፋል። በ1964 በአሜሪካ፥ በሎስ አንጀለስ ከተማ፥ የአንዲት አሮጊት ቦርሳ ተነጠቀ። ምስክሮች ያዩት ጠጕሯን ከኋላዋ ያሰረች ወርቅማ ጠጕር ያላት ነጭ ሴት ስትሮጥ፥ ጢምና ሪዝ ያለው ጥቁር ሰውም በብጫ መኪና ሲወስዳት ነበር። ይህን መልክ የሚመስሉ ባልና ሚስት ተይዘው በቀረቡ ጊዜ ዐቃቤ ሕጉ አንድ የሒሳብ መምህር ጠርቶ የማባዛትን ሕግ አስመሰከረ። ከዚያም ብጫ መኪና ከ10 አንድ፥ ሪዝ ያለው ወንድ ከ4 አንድ፥ ጠጕሯን ከኋላ ያሰረች ሴት ከ10 አንድ፥ ወርቅማ ጠጕር ከ3 አንድ፥ ጢም ያለው ጥቁር ሰው ከ10 አንድ፥ ነጭና ጥቁር ሆነው በአንድ መኪና የሚሄዱ ጥንዶች ከ1000 አንድ እያለ ክፍልፋዮቹን ደረደረ። ሁሉም ሲባዛ ከ12 ሚሊዮን አንድ ሆነ። ባልና ሚስቱም ተፈረደባቸው።

በ1968 የካሊፎርንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በባልየው ይግባኝ ይህን ፍርድ ሻረ። መጀመሪያ፥ ክፍልፋዮቹን የቈጠራቸው ማንም አልነበረም፤ ከዐቃቤ ሕጉ ግምት የወጡ ናቸው። ሁለተኛ፥ ነገሮቹ አንዱ ከሌላው ነጻ አይደሉም፤ ጢም ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ሪዝም አለው፤ ወርቅማ ጠጕር ያላት ሴትና ጥቁር ሰው ከተቈጠሩ በኋላ ነጭና ጥቁር ጥንዶች ብሎ እንደ አዲስ መቍጠርም አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መመዘን ነው። ሦስተኛ፥ በዚያ ሰፊ አገር ይህን መልክ የያዙ ሌሎች ጥንዶች መኖራቸው የሚቻል ነገር ነው፤ ሒሳቡ ግን ወንጀሉን የሠሩት እነዚህኞቹ ናቸው ብሎ አይለይም።

ስለ ሁለት ነገር ነጻነት የሚያስተምረው ምሳሌ ግን ከፓስካል እጅግ የቀደመ ነው። የሶስናን ታሪክ የማያውቅ አንባቢ የለም። ሕጉ ሁለት ምስክር የሚጠይቀው፥ አንዱ ቢዋሽ ወይም ቢሳሳት ሁለተኛው በዚያው ነገር ላይ እንዲያው በአጋጣሚ አብሮት መሳሳቱ እጅግ የማይመስል ስለሆነ ነው። ይህም የማባዛት ሕግ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ቃላቸው አንድ በሆነ ጊዜ ሸንጎው ቈጥሮ ሁለት አገኘና በሶስና ላይ ሞትን ፈረደ። ዳንኤል ግን የምስክሮቹን ቍጥር አልጠየቀም፤ መነጣጠላቸውን ጠየቀ። ለያይቶ በየተራ «ከየትኛው ዛፍ በታች አየሃቸው?» ባላቸው ጊዜ፥ አንዱ አንድ ዛፍ ሌላውም ሌላ ዛፍ ጠራ። ተማክረው የመጡ ሁለት ምስክሮች በቍጥር ሁለት ይሁኑ እንጂ በምስክርነት አንድ ናቸው። አንድ ደመና ሁለት ማሳ እንደሚመታ፥ አንድ ክፋትም በሁለት አፍ ይናገራል።

ይህን ትምህርት የዘነጋ ፍርድ በእንግሊዝ አገር ምን እንዳደረሰ ማየት ይገባል። ሳሊ ክላርክ የምትባል የሕግ ባለሙያ በ1996 የመጀመሪያ ወንድ ልጇ በተወለደ በ11 ሳምንቱ በድንገት ሞተባት። ሁለተኛውም ወንድ ልጇ በ1998 መጀመሪያ በ8 ሳምንቱ ሞተ። ሕፃናት ምክንያቱ ሳይታወቅ በመኝታቸው የሚሞቱበት ነገር በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ እናቲቱ ግን ሁለቱን ልጆቿን ገድላለች ተብላ ተከሰሰች። በ1999 በቼስተር ችሎት አንድ ስመ ጥር የሕፃናት ሐኪም ቀርቦ መሰከረ። እንደ እርሷ ባለ፥ ኑሮው በደላደለና ትንባሆ በማይጨስበት ቤት፥ አንድ ሕፃን በዚህ ዐይነት ሞት የሚሞተው ከ8543 አንድ ነው አለ፤ ሁለት ልጆች ለመሞታቸውም ይህን ቍጥር በራሱ አባዝቶ፥ ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው ብሎ ተናገረ። ከሕዝብ ከተመረጡት 12 ፈራጆች 10ሩ በደለኛ ናት አሉ፤ የዕድሜ ልክ እስራትም ተፈረደባት።

በዚህ ምስክርነት ውስጥ ሁለት ስሕተቶች ተደብቀው ነበር። የመጀመሪያው ውሉን መርሳት ነው። ሁለቱ ሕፃናት ከአንድ አባትና ከአንድ እናት የተወለዱ፥ በአንድ ቤት የተኙ፥ አንድ አየር የተነፈሱ ወንድማማቾች ናቸው። በደማቸው ወይም በቤታቸው ያልታወቀ ምክንያት ቢኖር፥ ያው ምክንያት ሁለቱንም ሊመታ ይችላል። ይህ በምሳሌ ቢታይ፥ የመጀመሪያው ሞት ሁለተኛውን 10 ጊዜ ያህል የሚያቀርበው ቢሆን ኖሮ፥ 73 ሚሊዮን የተባለው ቍጥር ወደ 7 ሚሊዮን ይወርድ ነበር። ደግሞም ከ8543 አንድ የተባለው፥ የቤቱን መልካም ነገሮች ብቻ መርጦ የቈጠረ ነበር፤ ወንዶች ሕፃናት ከሴቶች ይልቅ በዚህ ሞት የሚበዙ መሆናቸው አልታሰበበትም።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይልቅ ረቂቅ ነው፤ የዐረፍተ ነገሩን ፊት ወደ ኋላ መገልበጥ ነው። ቄስ ሁሉ ጥምጣም ይጠመጥማል፤ ነገር ግን ጥምጣም የጠመጠመ ሁሉ ቄስ አይደለም። ቃሎቹ ያው ሲሆኑ ቦታቸው ስለ ተለዋወጠ ፍሬ ነገሩ ተለወጠ። «ንጹሕ ከሆነች እንዲህ ያለ መከራ የሚደርስባት ከ73 ሚሊዮን አንድ ጊዜ ነው» ማለትና «እንዲህ ያለ መከራ ስለ ደረሰባት ንጹሕ የምትሆንበት ዕድል ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው» ማለት፥ ለጆሮ አንድ ይመስላሉ። ሎተሪ የወጣለት ሰው ግን ልዩነታቸውን ይመሰክራል። ዕጣው ሳይወጣ ለእርሱ የመውጣቱ ዕድል እጅግ ትንሽ ነበር፤ ከወጣለት በኋላ ስለዚህ ሰርቆታል የሚለው የለም።

የማይመስል ነገር በእርግጥ ሆኖ ሲገኝ፥ ፈራጅ ሊጠይቅ የሚገባው ይህ ነገር ምን ያህል የማይመስል ነው ብሎ ብቻ አይደለም፤ በፊቱ ያለው ሌላ ምክንያትስ ምን ያህል የሚመስል ነው ብሎም ነው። ሁለት ልጆች በድንገት መሞታቸው ብርቅ ነው፤ ነገር ግን እናት የወለደቻቸውን ሁለት ሕፃናት ተራ በተራ መግደሏም ከዚያ የማያንስ ብርቅ ነው። ሚዛን ሁለት ሳሕን ያለው ስለዚህ ነው። ሬይ ሂል የተባለ የሒሳብ መምህር በ2004 ይህን መርምሮ፥ በአንድ ቤት ሁለት ጊዜ የሚደርስ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በአንድ ቤት ከሚደርስ ሁለት ግድያ 9 እጥፍ ገደማ ይበዛል ብሎ ገምቷል። በችሎቱ ግን የአንደኛው ሳሕን ክብደት ብቻ ተነገረ፤ ሌላው ሳሕን ባዶ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ።

የመጀመሪያው ይግባኝ በ2000 ውድቅ ሆነ። በ2001 ሮያል ስታቲስቲካል ሶሳይቲ የተባለው የሒሳብ ሊቃውንት ማኅበር፥ ያ ቍጥር መሠረት የሌለው መሆኑን ለሕዝብ ገለጠ። በሁለተኛው ሕፃን አስከሬን ላይ ባክቴሪያ መገኘቱን የሚያሳይ የምርመራ ውጤት ለተከላካዮቿ ሳይነገር መቅረቱም ታወቀ፤ ስለዚህ በጥር 2003 ፍርዱ ተሽሮ ከ3 ዓመት በላይ ከታሰረችበት ወጣች። ነገር ግን ነጻነት ሁለቱን ልጆች አልመለሰላትም፤ የታሰረችበትንም ዘመን አላጠፋውም። በ2007 በ42 ዓመቷ ሞተች።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ያ ሐኪም በእናቲቱ ላይ ቂም አልነበረውም። በ2005 ከሐኪሞች መዝገብ ተሰርዞ ነበር፤ በ2006 ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በቅን ልቡና የተናገረ መሆኑን ተመልክቶ ስረዛውን ሻረለት። እንግዲህ በቅን ልቡና የተሳሳተ ሰው በደል አለበትን? ባለማወቅ የሠራ ሰው ዐውቆ እንደ ሠራ አይቈጠርም፤ ይህ የታወቀ ነው። ነገር ግን አለማወቅ ሁለት ዐይነት ነው። መንገደኛ በጨለማ የሰውን ሰብል ቢረግጥ አለማወቁ ያድነዋል። መድኀኒት ሳይማር የሚቀምም ሰው ግን «አላወቅሁም» ቢል፥ «ያላወቅኸውን ለምን በሰው አፍ አደረግኸው?» ተብሎ ይጠየቃል። ያ ሐኪም የሕፃናትን ደዌ ያውቅ ነበር፤ ማባዛትን ግን ከሐኪምነቱ አላገኘውም። ሕዝቡ በአንዱ ዕውቀቱ አክብሮት በሌላው አመነው። ጥፋቱም የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ቍጥሩን ሰምተው ከየት መጣ ብለው ያልመረመሩት ሁሉ በየድርሻቸው ይካፈሉታል። ሰው ሲመሰክር ጠበቃው ይመረምረዋል፤ ዘመዱን፥ ጠላቱን፥ የቆመበትን ስፍራ ይጠይቀዋል። ቍጥር ግን ወደ ችሎት ሲገባ ሁሉም እንደ ባለ ሥልጣን ተነሥቶ ተቀበለው።

አንዳንድ ሰው በዚህ ጊዜ እንዲህ ብሎ ይከራከራል፤ «ፈራጅ የሆነውን ሁሉ በዐይኑ ካላየ፥ ፍርድ ሁሉ ግምት ነው፤ በግምት አይፈረድም ከተባለ ወንጀለኛው ሁሉ ይለቀቃል፤ የተገደለውስ ማን ይጮኽለታል?» ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም። የሞቱ ሕፃናት አፍ የላቸውምና ስለ እነርሱ መጠየቅ የተገባ ነው። መልሱ ግን ግምትን መተው አይደለም፤ ግምትን በሙሉ ሚዛን መመዘን ነው። ያን የተሳሳተ ቍጥር የተቃወሙት ሒሳብን የሚጠሉ ሰዎች እንዳልነበሩ ልብ ማለት ያሻል፤ ከሁሉ ይልቅ ሒሳብን የሚያውቁት ናቸው። ዕውቀት ያቈሰለውን የፈወሰው ከፍ ያለ ዕውቀት ነው።

እንግዲህ ስለ ማይመስል ነገር ሲነገረው የሚፈርድ ሰው፥ ዳኛም ቢሆን የቤት አባትም ቢሆን፥ ሦስት ነገር ሳይጠይቅ አፉን አይክፈት። ቍጥሩን ማን ቈጠረው? የተባዙት ነገሮች በእውነት የተለያዩ ናቸውን፥ ወይስ በላያቸው አንድ ደመና አለ? የተከሰሰው ሰው ንጹሕ ቢሆን ይህ ነገር ብርቅ ነው ከተባለ፥ በደለኛ መሆኑስ ብርቅ አይደለምን? «ካነጋገር ይፈረዳል፥ ካያያዝ ይቀደዳል» የሚለው የአበው ተረት ለዚህም ይሆናል። ሒሳብም አነጋገር ነው፤ ያያዙት ሰዎች አያያዛቸው ካልተመረመረ ከሚቀደደው ነገር መካከል የሰው ሕይወት ይገኝበታል።

ልጇን ቀብራ የምትመለስ እናት ያገኘ ሰው፥ የመከራዋን ብዛት ቈጥሮ ወደ ጥርጣሬ ከመሄዱ በፊት፥ መከራ ከወንድሙ ጋራ መምጣት ልማዱ መሆኑን ያስብ። በአንድ ቤት ሁለት ጊዜ ልቅሶ መኖሩ ያ ቤት ሁለት ጊዜ ማዘኑን ያስረዳል፤ ከዚያ በላይ የሚናገር ሰው ሌላ ማስረጃ ያምጣ።